የቸኮሌት ፋጅ አሠራር፦ ከጓዳ በማይጠፉ ነገሮች

ፋጅ ስኳር፣ ወተትና ቅቤ አብረው ፈልተው ከቀዘቀዙ በኋላ ተመትቶ የሚሠራ ለስላሳ ከረሜላ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ኤመሊን ሃርትሪጅ የተባለች የቫሳር ኮሌጅ ተማሪ 30 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 14 ኪሎ የሚጠጋ ሠርታ ለኮሌጁ ጨረታ አቅርባ ነበር። ልዩ ዕቃ የሌላቸው ተማሪዎች መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ይሠሩት የነበረ ነገር ስለሆነ የሚያስፈልገው ሁሉ ከማንኛውም ቤት አይጠፋም። የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የውጭ አሠራርን ቁጥር በቁጥር የተከተለ ሰው የሚያገኘው ፋጅ ሳይሆን የሚፈረካከስ ደረቅ ስኳር ነው፤ ምክንያቱን ሙቀቱ ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

የሚያስፈልጉት፦

ስኳር 400 ግራም
የካካዋ ዱቄት 45 ግራም (ስኳር ያልተቀላቀለበት)
ወተት 180 ሚሊ ሊትር
የገበታ ቅቤ 50 ግራም
ማር 1 የሾርባ ማንኪያ
ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ
ጨው ቁንጥር
ከተፈለገ የተቆላና ልጣጩ የተነሣ ለውዝ 100 ግራም

ትኩስ ወተት ከሌለ 3 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት በ180 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጦ መጠቀም ይቻላል፤ ጓል እንዳይቀርበት ብቻ በደንብ ይምቱት። ቅቤው ግን ንጥር ቅቤ መሆን የለበትም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ቸኮሌቱን ይውጡታል። ማሩን ደግሞ ለጣዕም ብቻ የገባ አድርገው አይዩት፤ በውስጡ ያሉት ሌሎች የስኳር ዓይነቶች የተራውን ስኳር ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው እንዳይተልቁ ይከለክላሉ። ጥሩ ፋጅ ምላስ ላይ የሚሟሟው ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ነው።

ድስቱ ወፍራም ሆኖ ቢያንስ 3 ሊትር የሚይዝ ይሁን። ውሁዱ ሲፈላ ብዙ ከፍ ስለሚል በትንሽ ድስት ይገነፍላል። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ትሪ ወይም የዳቦ ቅርጽ በቅቤ ቀብተው፣ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፈውበት አስቀድመው ያዘጋጁ።

ስኳሩን፣ ካካዋውንና ጨውን በደረቁ ያዋህዱ፤ እንዲህ ካልተደረገ ካካዋው ወተቱ ውስጥ ይጓጉላል። ወተቱንና ማሩን ጨምረው በዝግተኛ እሳት በእንጨት ማማሰያ ያማስሉ። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ እንዳይፈላ ይጠንቀቁ። ለማረጋገጥ ማማሰያውን በድስቱ ግድግዳ ላይ ሸርተት ያድርጉት፤ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማ ገና ነው። ፍሬው ተለቅ ያለ ስኳር 10 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ጊዜ ይስጡት።

መፍላት ሲጀምር እሳቱን መካከለኛ አድርገው ድስቱን ለ2 ደቂቃ ይክደኑት። እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስኳር አጥቦ ያወርደዋል። ከዚያ ክዳኑን ያንሡና ማማሰሉን ያቁሙ። እሳቱ ኃይለኛ ሆኖ ሥሩ እንዳያር ካስፈራዎት ማማሰያውን ታች ለታች ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱ፤ ግድግዳውን ግን አይንኩ።

አሁን ሙቀቱ። የውጭ መጻሕፍት 114 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሉት በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ከፍ ባለ ቦታ ውኃ ቀድሞ ይፈላል፤ ስለዚህ ከውሁዱ ውስጥ ቶሎ ይተናል፣ በዚያው ዲግሪ ላይ የሚቀረውም ስኳር የበለጠ ወፍራም ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ 114 ድረስ ማፍላት በባሕር ዳርቻ 122 ድረስ እንደማፍላት ነው፤ ያ ደግሞ የጠንካራ ከረሜላ መንገድ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክረው ያንብቡ፤ ባገኙት ቁጥር ላይ 14 ይደምሩ። አዲስ አበባ ላይ 106፣ ባሕር ዳር 108፣ ድሬዳዋ 110 አካባቢ ይመጣል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላሉ 114 እንዳለ ይሠራል። ይህ ዘዴ የቴርሞሜትሩንም ስሕተት አብሮ ያርመዋል። በክረምት አየሩ እርጥብ ሲሆን አንድ ዲግሪ ይጨምሩ፤ ስኳር ከአየር እርጥበት ይስባል።

ቴርሞሜትር ለሌለው የቀዝቃዛ ውኃ ፈተና አለ፤ ከፍታም አይገድበውም። ድስቱን ከእሳት አንሥተው ጥቂት ጠብታ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጣሉና በጣትዎ ይሰብስቡት። ከተበተነ ይመልሱት። ውኃው ውስጥ ኳስ ሆኖ፣ ሲያወጡት ግን ጣትዎ ላይ ጠፍጠፍ የሚል ከሆነ ደርሷል። ሳይጠፈጠፍ ድርቅ ብሎ ከቆመ አልፎታል። እየተፈተነ ሳለ ድስቱ እሳት ላይ መቆየት የለበትም፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። የሚፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ቃጠሎው ከፈላ ውኃ የከፋ ነው፤ ልጆችን ያርቁ፣ ከድስቱም አይቅመሱ።

ሲደርስ ከእሳት አውርደው ቅቤውንና ቫኒላውን ከላይ ይጣሉበት፤ አያማስሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትኩሱ ውሁድ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስኳር ተሸክሟል፤ ሲነቃነቅ ጥቂት ትላልቅ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ሌላው ሁሉ እነሱ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ምክንያት ፋጁ አሸዋማ ይሆናል። ወደ 45 ዲግሪ ወርዶ የድስቱ ሥር በመዳፍ ሲነካ ለብ እስኪል፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሳይነቃነቅ ይቀመጥ።

ከዚያ በእንጨት ማማሰያ በኃይል ይምቱት። መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ይሳባል፤ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቀለሙ ፈካ ይላል፣ ይከብዳል፣ ወዙም ይጠፋል። ወዙ መጥፋት ሲጀምር ለውዙን ጨምረው ሳይዘገዩ ትሪው ላይ ይገልብጡት። ጥቂት ከዘገዩ ድስቱ ውስጥ ይጠነክራል። ሁለት ሰዓት ካረፈ በኋላ በሙቅ ውኃ በተነከረና በተወለወለ ቢላ ይቁረጡት።

አሸዋማ ከሆነ ወይም ከደረቀ አይጣል። ቆራርጠው ከ180 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር ወደ ድስቱ ይመልሱት፣ በዝግተኛ እሳት ጨርሶ ያሟሙት፣ እስከዚያው ዲግሪ አፍልተው ማቀዝቀዙንና መምታቱን ይድገሙ። ጭራሽ ያልረጋና እንደ ሽሮፕ የቀረ ከሆነም ያው ነው፤ ያልበሰለ ስለሆነ 3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ይበቃዋል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አያረጋውም።

የጾም ለሚፈልግ፣ በጣሳ የሚሸጥ ወፍራም የኮኮናት ወተት 200 ሚሊ ሊትር የላሙን ወተትና ቅቤውን አንድ ላይ ይተካል፤ ሌላው አይለወጥም። የተቆረጠው ፋጅ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ በየንብርብሩ ወረቀት ተደርጎበት ከፍሪጅ ውጭ አንድ ሳምንት ይቆያል። በማግስቱ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይለሰልሳል።