ታያኪ ልትገዙ ስትሰለፉ ብረቱን እዩ

ጃፓን የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ ታያኪን ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ። ቅርጿ የዓሣ ነው እንጂ ዓሣ የለባትም። ላይዋ የስንዴ ሊጥ፣ ውስጧ ደግሞ አዙኪ የሚባል ቀይ ባቄላ በስኳር ተቀቅሎ ነው። ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም የሚወዳት የመንገድ ላይ ጣፋጭ ናት።

ከመሰለፋችሁ በፊት መጋገሪያውን እዩ። አንዳንድ ቤት በአንድ ሰፊ ብረት ብዙ ዓሣ በአንዴ ይጋግራል። ይሄኛው ወፈር ብሎ ይለሰልሳል። ሌላው እጀታው ረጅም በሆነ መቆንጠጫ መሰል ብረት አንድ በአንድ እያገላበጠ ይጋግራል። ቆዳዋ ስስ ናት፣ ጠርዟ ሲነከስ ኩርሽም ይላል። እኔ ሁሌም የምመርጠው ይሄንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የተመሠረተውና ዛሬ ቶኪዮ አዛቡ ጁባን ሰፈር የሚገኘው ናኒዋያ ሶሆንተን የሚባለው የታያኪ ሱቅ እንዲህ ነው የሚጋግረው።

ትኩሷን ወዲያው አትንከሱ፤ ባቄላው ምላስ ያቃጥላል። መሃል ላይ ቆረስ አድርጋችሁ ትንፋሽ ስጧት። እየሄዱ መብላትም ብዙ ቦታ ስለማይወደድ እዚያው ሱቁ አጠገብ ቆማችሁ ጨርሱ።

ካደረች ማይክሮዌቭ ብቻውን ያልፈሰፍሳታል። ውስጧ ለብ እስኪል ብቻ አሙቁና ቶስተር ውስጥ ክተቷት።

ለጿሚዎች፦ ሊጡ ውስጥ እንቁላል ወይም ወተት ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ሳትጠይቁ አትግዙ።