ዴስክቶፑ በቁልፍ አላስገባ ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

ቢሮ የቀረውን ዴስክቶፕ ከቤት ሆኖ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተርን ከርቀት በትእዛዝ መቆጣጠሪያ ነው) መክፈት የለመደ ሰው ፓስወርዱን ራሱ ይረሳዋል። ቁልፉ፣ ማለትም በፓስወርድ ፈንታ የሚያስገባው ጥንድ ፋይል፣ እስኪያስቸግር ድረስ ማለቴ ነው። ከጥንዱ ፕራይቬት ኪይ ላፕቶፑ ላይ በምስጢር ይቀመጣል፤ ፐብሊክ ኪይ ዴስክቶፑ ላይ ይመዘገባል። ያኔ የሚመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ፐርሚሽን ዲናይድ፣ ፐብሊክ ኪይ»። ለምን? አይናገርም። ሆን ተብሎ ነው። የመጣው ባለቤቱ ይሁን ሌባ ሰርቨሩ (ዴስክቶፑ ላይ ግንኙነቱን የሚቀበለው ፕሮግራም) ገና አላወቀም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ለራሱ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ብቻ ይጽፋል። ብዙ ሰው ግን ሎጉን ትቶ መገመት ይጀምራል። መዘዙም ከዚያ ይመጣል።

አዲስ ቁልፍ መፍጠር

በሩ እምቢ ባለ ቁጥር ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ሰፈር ሞልቷል። ቁልፉ ምንም አልሆነም፤ ሰውየው ግን ቁልፍ የሚፈጥረውን ኪይጀንን ያስነሳል። «ይህ ፋይል አለ፣ ልተካው?» ሲለው ሳያነብ ዋይን (የስ ማለት ነው) ይጫናል። አንድ ጎበዝ ልጅ የደንበኞቹን ሰርቨሮች ሁሉ የሚከፍትበትን የድሮ ቁልፍ በዚህ መንገድ አጠፋው። ዴስክቶፑም ያው አልተከፈተለትም።

በሌላ ስም ሴቭ ማድረግም ጣጣ አለው። ኤጀንቱ (ላፕቶፑ ላይ ቁልፎቹን የሚይዘው ፕሮግራም) ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ያቀርባል። ሰርቨሩ ደግሞ ቅንብሩ ካልተቀየረ በአንድ ግንኙነት የሚፈቅደው 6 ሙከራ ነው። ትክክለኛው ቁልፍ ሰባተኛ ከሆነ ተራው አይደርሰውም። «ቱ ሜኒ ኦተንቲኬሽን ፌለርስ» ካላችሁ ጉዳዩ ይሄ ነው። ላፕቶፑ ላይ ባለው የኤስኤስኤች ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይላችሁ ለዚያ ሆስት (ኮምፒውተር) የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ጻፉና «አይደንቲቲስ ኦንሊ»ን የስ አድርጉት።

ሎግ ሳያዩ መነካካት

ከላፕቶፑ በኩል ኤስኤስኤችን በዳሽ ቪ አስነሱት፤ እያንዳንዱን እርምጃ ያሳያችኋል። «ኦፈሪንግ ፐብሊክ ኪይ» በሚሉት መስመሮች ውስጥ የምትፈልጉት ቁልፍ ከሌለ ችግሩ ላፕቶፑ ጋ ነው። ቀርቦ ከተመለሰ ግን ላፕቶፑን ተዉት። ሎጉ ያለው ዴስክቶፑ ላይ ነው፤ ኡቡንቱ ከሆነ ሎግ የሚያሳየውን ጆርናል ሲቲኤልን በዳሽ ዩ ኤስኤስኤች ክፈቱት። ፌዶራ ላይ የሰርቪሱ ስም ኤስኤስኤችዲ ነው።

777

ይሄኛውን ሳይ ደሜ ይፈላል። «ፐርሚሽን» የሚል ቃል ያየ ሁሉ ሲኤችሞድ 777 ይላል፤ ማንም ሰው ፋይሉን ማንበብም መጻፍም እንዲችል የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። ለሁሉም ከተከፈተ መቼም ይገባል ብሎ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሰርቨሩ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ፐብሊክ ኪዮች የሚጻፉበትን «ኦተራይዝድ ኪይስ» የሚባለውን ፋይል ከማመኑ በፊት፣ ከፋይሉ ተነስቶ ያለበትን ፎልደርና ሆም ፎልደሩን (የተጠቃሚውን የግል ፎልደር) ይፈትሻል። ከነዚህ በአንዱ ላይ ሌላ ሰው መጻፍ ከቻለ ፋይሉን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ልክም ነው! ሌላ ሰው መጻፍ ከቻለ የራሱን ቁልፍ ጨምሮ በእናንተ ስም ይገባላ። ስለዚህ 777 ያለ ሰው በሩን ራሱ ነው የዘጋው።

ፎልደሩን አስተካክለው ሆም ፎልደሩን የሚረሱ ደግሞ አሉ። አንድ ቢሮ ውስጥ ባልደረቦቹ ፋይል እንዲጥሉለት ብሎ ሆም ፎልደሩን ለሁሉም የከፈተ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቁልፍ መግባት ቀረ። ማንም ሁለቱን አላገናኛቸውም፤ ኔትወርኩ ተወቀሰ፣ ራውተሩ ተቀየረ። ሎጉ ግን ከነፎልደሩ ስም «ባድ ኦነርሺፕ ኦር ሞድስ» ብሎ ጽፎ ቁጭ ብሏል።

ትክክለኛው ይኸው፦ ነጥብ ኤስኤስኤች ፎልደር (ፋይሉ ያለበት) 700፣ ኦተራይዝድ ኪይስ 600፣ ሆም ፎልደር 750 ወይም 755። በነዚህ ሁሉ መጻፍ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ፋይሉን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ከፈጠራችሁት ባለቤቱ ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ራሳችሁ መልሱት። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕራይቬት ኪይም 600 ይሁን።

ቁልፉን እየቆራረጡ መላክ

ፐብሊክ ኪይ አንድ መስመር ነው። በቴሌግራም ተልኮ፣ ከስልክ ኮፒ ተደርጎ ሲለጠፍ ሦስት መስመር ከሆነ አይሠራም። ፑቲ ጄን (የፑቲ ቁልፍ መፍጠሪያ) ላይ «ሴቭ ፐብሊክ ኪይ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትም በሌላ ፎርማት ነው፤ የሚፈለገው ከላይ ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ረጅም መስመር ነው። ኖትፓድ ደግሞ የፋይሉ ስም ጫፍ ላይ ቲኤክስቲ ይለጥፋል። ቁልፉን ራሱ ወስዶ የሚያስቀምጥ ኤስኤስኤች ኮፒ አይዲ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

«ይኸው ቁልፌ፣ እስቲ እየው» ብለው ፕራይቬት ኪዩን የሚልኩልኝም አሉ። ወንድሜ፣ የሚላከው ፐብ የሚል ጫፍ ያለው ነው! አንዴ ከተላከ አልቋል፤ አሮጌውን ከሁሉም ሰርቨር ሰርዛችሁ አዲስ ፍጠሩ። ያኔ አዲስ ቁልፍ መፍጠር ልክ ነው።

ዊንዶውስን እንደ ሊኑክስ ማየት

ዴስክቶፑ ዊንዶውስ ሆኖ አካውንታችሁ አድሚን ከሆነ፣ በራሳችሁ ፎልደር ያስቀመጣችሁትን ፋይል ሰርቨሩ ዞር ብሎ አያየውም። እሱ የሚያነበው ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራም ዳታ፣ እዚያ ውስጥ ኤስኤስኤች ፎልደር ያለውን «አድሚኒስትሬተርስ ኦተራይዝድ ኪይስ» ነው። ያ ፋይል ላይ ፈቃድ ሊኖራቸው የሚገባው ደግሞ አድሚኒስትሬተርስና ሲስተም ብቻ ናቸው። ፐርሚሽን ልክ፣ ቁልፍ ልክ፣ ግን አይገባም? መጀመሪያ ይህን እዩ።

ፊቱ ስትቀመጡ የሚሠራ ቁልፍ

ዴስክቶፑ ላይ ሎግኢን ስታደርጉ ቁልፉ ይሠራል፤ ሪስታርት ሲደረግ እምቢ ይላል። ሆም ፎልደሩ ኢንክሪፕት ተደርጎ (ተመስጥሮ) ሊሆን ይችላል። ሎግኢን እስክታደርጉ ድረስ ሰርቨሩ ፋይሉን ማንበብ አይችልም። ፋይሉን ኢቲሲ (የሲስተሙ የቅንብር ፎልደር) ውስጥ አስቀምጡና በ«ኦተራይዝድ ኪይስ ፋይል» ቅንብር ቦታውን ንገሩት።

ጥቃቅኖቹ

የተጠቃሚ ስም ካልጻፋችሁ ኤስኤስኤች የላፕቶፑን ይወስዳል። ከኤስኤስኤች ትእዛዙ ፊት ሱዶ ከጨመራችሁ የሚፈለገው የሩት ቁልፍ ይሆናል። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የቁልፍ ጉዳይ አይደለም፤ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ከኤስኤስኤች ሰርቨር ጋር አይመጣም፣ ኢንስቶል አድርጉት። «ታይምድ አውት» ካላችሁ ኮምፒውተሩ ተኝቶ እንደሆነ እዩ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 8.8 ወዲህ ደግሞ በኤስኤችኤ 1 (የድሮ የፊርማ ስልት) የሚፈርሙ አሮጌ ፕሮግራሞች አይገቡም፤ የድሮ ፑቲ (የኤስኤስኤች መክፈቻ ፕሮግራም) ካላችሁ አድሱት።

ቸኩሎ ፓስወርድን ማጥፋት

ቁልፉ ገና ሳይሞከር «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን»ን ኖ አድርገው ሰርቪሱን የሚያስነሱ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ኤስኤስኤችዲን (ሰርቨሩን) በዳሽ ቲ አስፈትሹት፤ የፊደል ስህተት ካለ ይነግራችኋል። ከዚያ ሰርቪሱን አስነሱ፤ የተከፈተውን ተርሚናል ሳትዘጉ በሌላ መስኮት በቁልፍ ለመግባት ሞክሩ። ካልገባ ባልተዘጋው መስኮት መልሱት።