የጥርስ ነርቭ ቅሪት አልሟሟ ሲል

ፋይሉን፣ ማለትም ቀጭኑን የብረት መጥረጊያ፣ ነርቩ ካለበት የጥርስ ስር ቦይ ስታወጡት ጫፉ ላይ ሮዝ ክር የመሰለ ነገር ተጠምጥሞ ይመጣል። ቦዩ ሰፍቷል፣ ደጋግማችሁ አጥባችኋል፣ ነርቩ ግን ገና አለ። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን ጠንከር ያለ ኬሚካል እንፈልጋለን። እኔ ግን መጀመሪያ ጠርሙሱንና መርፌውን እዩ እላለሁ።

ታጥቧል፣ ሥጋው ግን ጭራሽ አልተነካም

በምንድን ነው ያጠባችሁት? ክሎርሄክሲዲን ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ። 2 በመቶው እንኳ ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ሥጋ አያሟሟም። 17 በመቶ ኢዲቲኤም ካልሲየም ይዞ የማዕድኑን ቅሪት ከግድግዳው ላይ ያነሳል፤ ነርቩን አይነካውም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አረፋው ብዙ፣ የማሟሟት አቅሙ ግን ትንሽ ነው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋ ያሟሟል፣ ግን በቀናት። በሁለት ቀጠሮ መካከል ቦዩ ውስጥ ቢቆይ ያግዛል።

የሞተውንም ሕይወት ያለውንም ሥጋ በደቂቃዎች የሚያሟሟው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በረኪና ውስጥ ያለው ያው ነገር። ሌሎቹ ያግዙታል እንጂ አይተኩትም።

ሃይፖክሎራይት ነው፣ ግን አልሠራም

አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ሃይፖክሎራይት ሥጋውን ሲበላ ራሱም ያልቃል። ቦዩ ውስጥ ቆሞ የቀረው ፈሳሽ ክሎሪኑ ተሟጧል። ስለዚህ በየፋይሉ መሃል በአዲስ ቀይሩት።

ጠርሙሱስ? ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ያደክሙታል። ጠቆር ባለ፣ በደንብ በተከደነ ጠርሙስ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ከተጠራጠራችሁ ያወጣችሁትን የነርቭ ቁራጭ ትንሽ ብርጭቆ ላይ አድርጋችሁ ጠብታ ጣሉበት። ጥሩ ከሆነ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል፣ የቁራጩ ዳር እየሳሳ ይሄዳል። ዝም ካለ ጠርሙሱን ቀይሩ።

መጠኑን በተመለከተ ከ0.5 እስከ 6 በመቶ ገደማ ይሠራበታል። ከፍ ያለው ይፈጥናል፤ ዝቅ ያለውም ሲሞቅ ጉልበት ያገኛል። በሙከራ 1 በመቶው በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 5.25 በመቶው በ20 ዲግሪ የሠራውን ያህል አሟሙቷል።

ደግሞ ያልደረሰበትን አያሟሟም። ፈሳሹ ከመርፌው ጫፍ ብዙ አያልፍም። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ያለው ቀጭን መርፌ ተጠቀሙ፤ ከሥራው ርዝመት (ቦዩ እስከ ስሩ ጫፍ ድረስ ከሚጸዳበት ልክ) 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ይጠር። ፈሳሹን በአልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ) ወይም ጉታ ፐርቻን (የቦይ መሙያውን ጎማ መሰል ዘንግ) ወደ ላይ ወደ ታች በማለት አነቃንቁት። ጠባብ ጉድባዎች ውስጥ የተደበቀውን ሥጋ የሚደርስበት ይህ ነው።

ቡናማ ዝቃጭ ታየ

ሃይፖክሎራይትና ክሎርሄክሲዲን ተገናኝተዋል። ዝቃጩ የዴንቲኑን (የቦዩ ግድግዳ የሆነውን የጥርስ አካል) ቀዳዳዎች ይደፍናል። በሁለቱ መሃል ቦዩ በሳላይን (በጨው ውሃ) ታጥቦ በወረቀት ይደረቅ። ኢዲቲኤ ከሃይፖክሎራይት ጋር ሲቀላቀል ምንም ቀለም አይታይም፤ ክሎሪኑን ግን ወዲያው ያጠፋዋል። ኢዲቲኤ ነርቩ ካለቀ በኋላ፣ ለ1 ደቂቃ ያህል ይግባ።

ታካሚው በድንገት ክፉኛ አመመው፣ ፊቱ አበጠ

ፈሳሹ ከስሩ ጫፍ አልፎ ወጥቷል። አቁሙ፣ በሳላይን እጠቡ፣ የሚደማውን አትድፈኑ። ማስታገሻ ስጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ቅዝቃዜ ይያዝበት። የሆነውን በግልጽ ንገሩት፣ እስኪሻለውም ተከታተሉት። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፣ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ላኩት። መነሻው ብዙ ጊዜ ቦዩ ውስጥ የተቀረቀረ መርፌና በኃይል የተገፋ ስርንጅ ነው። መርፌው ላላ ብሎ ይንቀሳቀስ፣ በጣታችሁም ቀስ ብላችሁ ግፉ።