ጓያቤራ ሲሰፋ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጓያቤራ በኩባ፣ በሜክሲኮዋ ዩካታንና በአካባቢው ባሉ ሞቃት አገሮች ወንዶች ከሱሪ ውጭ የሚለብሱት፣ አራት ኪስና ከትከሻ እስከ ታች ጠርዝ የሚወርዱ ቀጫጭን ሽንሽኖች ያሉት ሸሚዝ ነው። ከኢትዮጵያ ተልከን በኩባ የወጣቶች ደሴት በተማርንበት ዘመን አሰፋፉን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሚያሰፉኝም በአብዛኛው እዚያው የተማሩ ሰዎች ናቸው። ወጣት ሰፊዎች ሙያውን መሞከራቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ሽንሽኑን ግን በመጨረሻ እንደሚጨመር ጌጥ ስለሚቆጥሩት ሥራቸው ከመነሻው ይበላሻል።

ጨርቁ መጀመሪያ ይሸነሸናል፣ ከዚያ በኋላ በልኬቱ ይቆረጣል። ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ሽንሽን ስድስት ሚሊ ሜትር ጨርቅ ይወስዳል፤ በአንድ የፊት ወገን ላይ አሥር ቢሆኑ ስድስት ሴንቲ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ አስቀድሜ ቆርጬ ስለሸነሸንኩ፣ ቁልፉና የቁልፉ ቀዳዳ ደረት ላይ ሳይገናኙ ቀርተው ያ ሁሉ ሊነን ባክኗል።

ከሁሉ በላይ የምቆጣው ግን በኪሱ ነው። በኪሱ ላይ ያሉት ሽንሽኖች ከሸሚዙ ሽንሽኖች ጋር መስመር ለመስመር መግጠም አለባቸው፤ መስመሩ ከትከሻ ተነሥቶ፣ የላይኛውን ኪስ አልፎ፣ በታችኛው ኪስ በኩል እስከ ጠርዙ ሳይሰበር መውረድ ይገባዋል። ኪሱን ለብቻው ሸንሽኖ፣ በዓይን ግምት አስቀምጦ፣ በመኪና ዙሪያውን መስፋት ሥራ አይባልም! በቅርቡ አንድ ጎበዝ ልጅ ያመጣልኝ ሸሚዝ ጨርቁም አንገትጌውም እንከን ያልነበረበት ቢሆንም፣ የግራው የደረት ኪስ በሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን በመሸሹ ሸሚዙ በሙሉ የተጣመመ ይመስል ነበር። አራቱንም ኪሶች አስፈትቼ፣ እያንዳንዱን ሽንሽን በስፒል አስይዞ በእጅ እንዲወሰውስ፣ ከፊት ቆሞ እንዲያየው፣ ከዚያ ብቻ ወደ መኪናው እንዲሄድ አደረግሁት። ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ልክ ግን ሆነለት።

ጨርቅ ለመቆጠብ የታችኞቹን ሁለት ኪሶች የሚያስቀሩም አሉ። የሸሚዙ ስም የመጣው ዘይቱን የተባለው ፍሬ በስፓኒሽ ከሚጠራበት “ጓያባ” ከሚለው ቃል እንደሆነና ገበሬዎች የለቀሙትን ፍሬ በእነዚህ ኪሶች ይይዙ እንደነበር በኩባ ይተረካልና፣ የታችኛው ኪስ እጅ የሚያስገባ እውነተኛ ኪስ መሆን አለበት።

ሊነንም ሆነ ጥጥ ሳይታጠብ አይቆረጥ፤ ከተሰፋ በኋላ ውሃ ሲነካው ጨርቁ ይሰበሰባል፣ የፖሊስተሩ ክር ግን ስለማይሰበሰብ ሽንሽኑ ይጨማደዳል። ፖሊስተር ጨርቅ ደግሞ ሙቀት ስለሚያፍን ለዚህ ሸሚዝ አይሆንም።

በጎንና በጎን ያለው ቅድ አይዘጋ፤ ሸሚዙ ሲቀመጡ ዳሌ ላይ እንዳይወጠር የሚያደርገው እሱ ነው። ወደ ሱሪ ውስጥ ማስገባትም ሆነ ከረባት ማሰር የለም። ለሠርግና ለመሳሰለው ክብረ በዓል ባለ ረጅም እጅጌው ነጭ ይመረጣል፤ ኩባም እ.ኤ.አ. በ2010 ጓያቤራን የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ልብስ አድርጋ ደንግጋለች።

ሲተኮስ እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ አስቀድሞ ከውስጥ በኩል፣ ሽንሽኖቹ በተኙበት አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ይተኮስ፤ ካውያውን ወደ ጎን የገፋ ሰው የተኙትን ሽንሽኖች አንድ በአንድ ይገለብጣቸዋል።