ኦሪጅናል ወይስ ሌላ? የመኪና መለዋወጫ እንዴት እንደሚመረጥ

የመለዋወጫ ሻጭ ሁሌ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፤ «ኦሪጅናሉን ነው ወይስ ሌላውን?» ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ታስመስላለች። መደርደሪያው ላይ ግን አራት ዓይነት ዕቃ አለ። አንዱ በመኪናው ፋብሪካ ስም ታሽጎ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ ለፋብሪካው የሚያቀርበው ድርጅት በራሱ ካርቶን የሚሸጠው ነው። ሦስተኛው ከፋብሪካው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ድርጅት በራሱ ስም የሚሠራው ነው፤ እዚህ ውስጥ ምርጡም እርባና ቢሱም ተደባልቋል። አራተኛው በሌላ ሰው ስም የታተመ ፎርጅድ ነው። ሥራችሁ አራተኛውን ማስወገድ፣ ሁለተኛውን ማግኘት፣ ከሦስተኛው ውስጥ ደግሞ መምረጥ ነው።

1. የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ

የመኪናው ስምና ዓመት አይበቃም። አንድ ሞዴል በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት የፍሬን ዲስክ ይዞ ሊወጣ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር ወይም የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ታገኙታላችሁ። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብለው ከዚህ ቁጥር ወጥተዋል። ስለዚህ ኦ የመሰላችሁ ሁሉ ዜሮ ነው። ለማንኛውም ፎቶ አንሱት።

2. ዕቃው ቢከዳችሁ ምን ይመጣል?

ገንዘባችሁን የት እንደምትቆጥቡ የሚወስነው ይሄ ነው።

ኤርባግ ላይ ድርድር የለም። ከፋብሪካው መስመር የመጣ አዲስ ካልሆነ አይገጠም። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ፎርጅድ ኤርባግ አስጠንቅቆ ነበር። ሲሞከሩ አንዳንዶቹ ጭራሽ አልተነፉም፤ የብረት ስብርባሪ የረጨም ነበር።

የታይሚንግ ቺንጋም (የፒስተኑንና የቫልቩን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው) ቀልድ አያውቅም። በብዙ ሞተሮች ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ የምትገዙት ቺንጋ ሳይሆን ሞተር ነው። ከመወጠሪያውና ከመዘውሮቹ ጋር በአንድ ሳጥን የሚሸጠውን ሙሉውን ግዙ። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ከሆነ እሱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ለመፍታት የሚከፈለው የእጅ ዋጋ አንድ ነው።

የዝናብ መጥረጊያ፣ የውስጥ አየር ፊልትሮ፣ ተራ አምፖል ላይ ግን አትጨነቁ። ልኩ ከገጠመ ይበቃል።

ሴንሰር መሃል ላይ ያለ ይመስላል፤ አይደለም። ርካሽ የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) ብዙ ጊዜ ቶሎ አይሞትም። ትንሽ የተዛባ ቁጥር ይልካል፣ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። በእኔ መኪና ላይ የገባው ስም የለሽ ሴንሰር የሞተር መብራቱን አጥፍቶልኝ ነበር። ነዳጁ ግን ጨመረ፤ ምክንያቱ ሴንሰሩ መሆኑን እስካውቅ ካንዴላውም ፊልትሮውም ያለ ጥፋታቸው ተቀየሩ። የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር ላይም ያው ነው። እነዚህን ከሠሪው ስም ጋር ብቻ ግዙ።

3. ማን እንደሠራው ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጊዜ የሚወስደውም ይሄው ነው።

የመኪና ፋብሪካዎች አብዛኛውን ዕቃ ራሳቸው አይሠሩም። ዴንሶ በ1949 እ.ኤ.አ. ከቶዮታ ተለይቶ የወጣ ድርጅት ነው፤ ዛሬም ለቶዮታ ያቀርባል፣ በራሱ ካርቶንም ይሸጣል። አይሲን፣ ቦሽ፣ ቫሌዮ፣ ብሬምቦ፣ ኤንጂኬም እንደዚሁ ለፋብሪካዎች ያቀርባሉ፣ በራሳቸው ካርቶንም ይሸጣሉ። የፋብሪካው ዓርማ ላለበት ካርቶን የምትከፍሉት ጭማሪ አንዳንዴ ለካርቶኑ ብቻ ነው።

እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ አሮጌውን ዕቃ ከመኪናው ላይ አውርዱና በጨርቅ ጥረጉት። የሠሪው ስም ብረቱ ላይ ተቀርጾ ወይም ታትሞ ይገኛል። ኩሽኔታ ከሆነ ቀለበቱን ዙሪያውን እዩ። መኪናው ከወጣ ጀምሮ ያልተቀየረ ዕቃ ከሆነ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው። ከዚህ በፊት ተቀይሮ ከሆነ ግን ያነበባችሁት ስም የፋብሪካው ምርጫ ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ ፓርት ነምበሩ፣ ማለትም የዕቃው መለያ ቁጥር። የቶዮታን ብንወስድ በአጭር ሰረዝ ለሁለት የተከፈለ 10 አኃዝ ወይም ፊደል ነው። የፊተኞቹ አምስት የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 04465 የፊት ፍሬን ሸራ፣ 04466 የኋላ። የኋለኞቹ አምስት ለየትኛው መኪና እንደሆነ ይለያሉ። ሻጩ የመጀመሪያው አምስት ገጥሞ መጨረሻው የተለየ ነገር ቢያቀርብላችሁ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ፋብሪካው አሮጌውን ቁጥር በአዲስ ተክቶታል፣ ወይ የሌላ መኪና ዕቃ ነው። «ያው ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ተክቶት ከሆነ የፋብሪካው ካታሎግ ላይ ይታያል፤ ካታሎጉን ያሳያችሁ።

ያንን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ሠሪው ካታሎግ ሂዱ። የፋብሪካውን ቁጥር ስታስገቡ የራሱን ቁጥር ይሰጣችኋል። በተቃራኒው አትሂዱ። «ለዚህ መኪና ይሆናል» የምትል አረንጓዴ ምልክት የሚሰጥ የሽያጭ ገጽ አያሳምነኝም፤ ብዙ ጊዜ የሚያየው ሞዴልና ዓመት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ሁሌ ሠሪ አይደለም። ከሌላ ገዝተው በራሳቸው ካርቶን የሚያሽጉ ድርጅቶች አሉ። ዛሬ ጥሩ ዕቃ ያሽጋሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከሌላ አምራች ሊገዙ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ያው ድርጅት ለፋብሪካው የሚሠራውና ለገበያ የሚሠራው ደረጃ ሊለያይ ይችላል። ቁጥሩ በትክክል ካልተዛመደ ስሙ ብቻውን ዋስትና አይደለም።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። የአንዳንድ መኪኖች ዕቃ ላይ ዓርማው የነበረበት ቦታ ተፍቆ ታያላችሁ። ሰው ይሄን ሲያይ «ፎርጅድ ነው!» ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ግን አቅራቢው ያንኑ ዕቃ በራሱ ካርቶን ለመሸጥ የፋብሪካውን ዓርማ ፍቆት ነው። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ዓርማ ይለጥፋል እንጂ ምን አድክሞት ይፍቃል?

4. ፎርጅዱን ለዩ

የሚፎረጀው ብዙ የሚሸጥ ነገር ነው፤ ካንዴላ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራ። ካንዴላ ላይ ጥርሱን እዩ፤ ሻካራ ከሆነ፣ የመሃሉ ጫፍ ከላይኛው ጋር ካልተገጣጠመ ተዉት። የሚያብረቀርቅ ሆሎግራም አያታልላችሁ፤ እሱም ይታተማል። ኤስኬኤፍ ኩሽኔታው እውነተኛ መሆኑን የምታጣሩበት የስልክ መተግበሪያ አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሠሪው ወኪል ማን እንደሆነ ከሠሪው ድረ ገጽ አይቶ ከዚያ መግዛት ነው።

5. የፍሬን ሸራ ከሆነ ጠርዙን አንብቡ

ብዙ ሸራ ጠርዙ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉት፤ ኤፍኤፍ ወይም ጂጂ ዓይነት። የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ያለውን የመያዝ አቅም ያሳያል። ይህ አቅም በቁጥር ሲገለጽ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ከፍ ያለ ፊደል ሁሌ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ከፋብሪካው ጋር የሚቀራረበውን ያዙ። በአውሮፓ አር90 የሚባለው ደንብ ተተኪ ሸራ ከኦሪጅናሉ አቅም በ15 በመቶ ክልል ውስጥ እንዲሆን ያስገድዳል። ካርቶኑና ሸራው ላይ ክብ ውስጥ የኢ ፊደልና ቁጥር፣ ከጎኑም 90አር የሚል ካለ ተፈትሿል ማለት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ዕቃ ውስጥ ስትመርጡ ይህን ምልክት ከማንኛውም ማስታወቂያ አስበልጡ።

6. ዋጋውን ከእጅ ዋጋው ጋር ደምሩ

ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው ይወርዳል። ርካሹ ቶሎ ቢያልቅ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል፤ የዕቃው ዋስትና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን እንጂ ጉልበቱን አይሸፍንም። ስለዚህ ለመድረስ የሚያስቸግር ቦታ ላይ ላለ ዕቃ ጨምራችሁ ክፈሉ። በእጅ ለሚነቀል ነገር ርካሹን ብትሞክሩ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ኮፈንና ፓራውልት ላይ ደግሞ ኦሪጅናል ያልሆነው ክፍተቱ ላይገጥም ይችላል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ገጥማችሁ ሞክሩት። የተቀባ ዕቃ ማንም አይመልስላችሁም።

7. ከመግጠማችሁ በፊት

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ውፍረቱንና ዲያሜትሩን ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለኩ፤ ጥርስ ካለውም ቁጠሩ። በዓይን መገመት አይሠራም። የጎማ ኩሽኔታ ከሆነ አንዱ ፊቱ ላይ ለኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ለሚያደርገው ሥርዓት) የሚያገለግል የማግኔት ቀለበት ሊኖር ይችላል። በዓይን ላይለይ ይችላል፤ ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት በርቶ ይቀራል። ትንሽ መርፌ አስጠግታችሁ የሚስበውን ጎን ለዩና ወደ ሴንሰሩ አዙሩት። ሾክና የፍሬን ሸራ ግራ ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ።

አሮጌውን ዕቃ አዲሱ መንገድ ላይ ተፈትኖ እስኪያልፍ አትጣሉ። ካርቶኑንና ደረሰኙንም እንደዚሁ፤ ያለ እነሱ ዋስትና የሚባል ነገር የለም።