መብራት ሲጠፋ ሊጡን እንዴት እናድነው?

ኮምቦልቻ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማስበው ስለ ሊጡ ነው። ከተማችን ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሙቀቷ ሊጥ ቶሎ ያኮመጥጣል፤ ደሴ ያለችው እህቴ እስከ ማግስቱ የምታቆየው እኔ ዘንድ በግማሽ ቀን ይበላሻል።

አብሲት የተጣለበት ሊጥ ኩፍ ካለ አይጠብቅም። ስለዚህ መብራት መኖሩን ሳላረጋግጥ አብሲት አልጥልም። ካልተጣለበት ግን ከላይ ያቀረረውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉና በቀዝቃዛ ውሃ ተኩት፤ ባልዲውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። መብራቱ ከዘገየ ውሃውን ደግማችሁ ቀይሩ።

የምጣዱንም የማቀዝቀዣውንም ሶኬት ወዲያው ንቀሉ። ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፤ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ እንደተሰካ መብራት ሲመለስ መስመሩ ይጨናነቅና እንደገና ይጠፋል። 15 ደቂቃ ታገሡ፤ አምፖሉ ሳይርገበገብ ሲበራ ሰኩ። ባለፈው ክረምት ሳልነቅል ቀርቼ የማቀዝቀዣዬ ሞተር ተቃጠለ፤ ማሠሪያው የሁለት ወር ትርፌን ወሰደ።

በእንጨት ከጋገራችሁ ደጅ ይሁን። ከሰል ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በተዘጋ ክፍል አታስገቡ። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛን ሰው ይገድላል።