መኪና ግርግር ላይ ጥላ መጠበቅ

ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር ስንል መኪና የሚርመሰመስበት መንገድ ማለታችን አይደለም። የስፌት መኪና ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የምትወርደዋ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረውባታል። ስሟም ከነሱ የመጣ ነው። ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ጥላ ማየት የተማርኩት እዚያ ነው።

ከዚያ በፊት ድሬ ዳዋ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የፓስፖርት ፎቶ አነሳ ነበር። ለፓስፖርት ጥላ አይፈለግም። መብራቱን ግራና ቀኝ አድርጌ ከአገጭ ስር ያለችውን ጥላ ሳይቀር አጠፋለሁ። ካሜራ ይዤ ጎዳና ስወጣም ያው ልማድ አልለቀቀኝም። ፀሐይ ያለበትን እየሸሸሁ ጥላ ጥላውን ብቻ ሳነሳ፣ ጥቁርና ነጭ ሳደርጋቸው ፎቶዎቼ በሙሉ አመድ መሰሉ። ጥቁርም የላቸው፣ ነጭም የላቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት፦ ሰው አትከተሉ። ብርሃን ፈልጉ። ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበትን ቦታ ካገኛችሁ እዚያው ቁሙና ሰው እስኪመጣ ጠብቁ።

ሰዓቱ እንደ ቦታው ይለያያል። ብዙ ሰው ማለዳ ውጡ ይላል። ድሬ ከዚራ ሰፈር ላይ እውነት ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ዝቅ እንዳለች የዛፉም የሰውም ጥላ አስፋልቱ ላይ ይዘረጋል። ከረፈደ ደግሞ ሙቀቱ ሰዉን ቤት ያስገባዋል። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር፣ ግን ሌላ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ግንቡ ረጅም ነው። ማለዳ ብርሃኑ ግድግዳው አናት ላይ ቀርቶ፣ ታች ያለው ሰው በሙሉ ጥላ ውስጥ ይሆናል። እኔ የምወጣው 3 ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ የሰው ጥላ ከቁመቱ ጋር ይስተካከላል፤ ብርሃኑም ግድግዳውን ሰያፍ ቆርጦ መሬት ይደርሳል። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማማ ጥላ እግር ስር ገብቶ ይጠፋል። ያኔ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ስለሚሆን ፊት ለማንሳት አትልፉ።

ቀጥሎ ብርሃን መለካት። እዚህ አገር ነጭ ብዙ ነው፦ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ነጠላ፣ የአባቶች ነጭ ኮፍያ። ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ልዘንለት ካለ ነጩ ይቃጠላል። የተቃጠለ ነጭ ውስጥ የጨርቁ ክር እንኳ አይገኝም፤ በኤዲትም አይመለስም። ጥቁሩን ግን ትንሽ ማንሳት ይቻላል። ስለዚህ ለነጩ ለኩ። በስልክ ከሆነ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ነክታችሁ እስኪቆለፍ ያዙት፣ ከዚያ የብርሃን ምልክቷን ወደ ታች ሳቡ። በካሜራ እኔ ፀሐይ ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/800 ሰከንድ አድርጌ እተወዋለሁ።

ነጭ የመሆን ነገር ከተነሳ፣ ሐረር ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚሁ ካሜራ አስመጥቶ ራሱን አንስቷል። ፎቶዎቹ የነጡት ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ እንደሆነ ለቤተሰቡ ጽፏል። የኛ ሰበብ ውሃ አይደለም፤ ልኬት ነው።

ቀለም ደግሞ ያታልላል። ቀይ ሻሽ ያደረገች ልጅ አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ ስታልፍ ልብ ይደነግጣል። ጥቁርና ነጭ ስታደርጉት ግን ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ልጅቷ ግድግዳው ውስጥ ልትጠፋ ትችላለች። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ሰውየው ከጀርባው ካልተለየ አታንሱ። ካሜራችሁ ከፈቀደ እስክሪኑን ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ ፋይሉን ግን በራው ያዙ፤ ራው ካሜራው ያየውን ከነቀለሙ ሳይነካ የሚያስቀምጥ ፋይል ነው።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ልመለስ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። እዚህ አንቱታ ብዙም ስለማይወደድ እኔም አንተ ነው የምላቸው። ከበላያቸው በተወጠረው ሸራና በቆርቆሮው መካከል ስንጥቅ አለች። 3 ሰዓት ተኩል ላይ በዚያች ስንጥቅ የእጅ መዳፍ የምታክል ብርሃን ትገባለች። መጀመሪያ መዘውሩ ላይ ታርፋለች። ቀስ ብላ ወደ መርፌው ትመጣለች። ከዚያ እጃቸው ላይ ትወጣለች፤ የጣታቸው ስንጥቅ፣ ጥፍራቸው ላይ የተጣበቀው ክር፣ ሁሉም ይታያል። ሌላው በሙሉ ጥቁር ነው። ይኼ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ሦስት ቀን አበላሸሁት። መጀመሪያ ቀን ፊታቸውም እንዲታይ ብዬ ብርሃን ጨመርኩ፤ እጃቸው ተቃጠለ። በሁለተኛው ቀን ከጀርባቸው ያለው ቢጫ ጀሪካን ነጭ ሆኖ ዓይን ሁሉ ወደሱ ሄደ። በሦስተኛው እጃቸውን መሃል ላይ አስቀምጬ የጥላውን ጫፍ ቆረጥኩት። ጥላ የሚወድቅበት ወገን ቦታ ይፈልጋል። ሰው በግራ ካለና ጥላው ወደ ቀኝ ከሄደ ቀኙን ክፍት ተዉት። ከመጫናችሁ በፊት አራቱን ጠርዝ በዓይን ዙሩ፦ ሽቦ፣ ጀሪካን፣ የተቆረጠ እግር። በአራተኛው ቀን በርከክ ብዬ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄጄ ጀሪካኑን በትከሻቸው ሸፈንኩት።

ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። አንዴ ጭንቅላቷ ላይ ቅርጫት የተሸከመችን ሴት ሳልጠይቅ አንስቼ፣ "አቦ፣ እኔ ዕቃ ነኝ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ፊቷ እያየች አጠፋሁት። አሁን ቀድሜ ሰላም እላለሁ፣ ካሜራውን አሳያለሁ፣ ከዚያ እቆያለሁ። ሰዉ ከለመደኝ በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ለሽማግሌው ፎቶውን አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩትና "ፊቴስ የታለ?" አሉኝ። ጥላው ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። ዝም ብለው እጃቸውን ከፎቶው ጋር አስተያዩ። በማግስቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ከመኪናቸው ፊት ለፊት በርጩማ አውጥተውልኝ አገኘሁ።